የፍሬሜ ቁጥር ልክ ነው ተብያለሁ፤ ታዲያ እጄ ለምን ይደነዝዛል?

ጠያቂ፦ ዘገምተኛ ነጂ

ጤና ይስጥልኝ። ከስምንት ወር በፊት ቁልምም መሪ ያለው የኮርስ ብስክሌት ገዛሁ። ቁመቴ 1 ሜትር ከ76 ነው፤ የታየልኝ ሰንጠረዥ ለዚህ ቁመት 56 ቁጥር ፍሬም ይላል፣ እኔም ያንኑ ወሰድኩ። ከዚያ በፊት ቀጥ ያለ መሪ ባለው ተራ ብስክሌት ለዓመታት ስነዳ አንድም ቀን ሕመም አልተሰማኝም ነበር። በአዲሱ ግን ገና አርባ አምስት ደቂቃ ሳልነዳ የሁለቱም እጆቼ ትንሿና የቀለበት ጣቶች ይደነዝዛሉ፣ ማጅራቴ ድንጋይ ይሆናል፣ አንድ ሰዓት ካለፈ በኋላ ደግሞ ሐሳቤ ሁሉ መቼ እንደምወርድ ብቻ ነው።

እስካሁን የሞከርኩትን ልናገር። መሪው ስለራቀኝ ኮርቻውን በሐዲዱ ላይ እስከ መጨረሻው ወደ ፊት ገፋሁት። ቀጥሎ የኮርቻው አፍንጫ ከፊት ሲጫነኝ አፍንጫውን በትንሹ ወደ ታች አዘነበልኩት። የኮርቻው ከፍታ የፔዳሉ ክንዶች ከሚዞሩበት ዘንግ ማዕከል እስከ ኮርቻው ወለል 76 ሴንቲሜትር ነው፤ ይህንንም የወሰንኩት እግሬ ከታች ሙሉ በሙሉ እንዲዘረጋ ብዬ ነው። እያንዳንዱ ለውጥ ለአንድ ሁለት ቀን ደኅና ሆኖ ይሰማኝና ከዚያ ነገሩ ከቀድሞው ይብሳል። ሌላም ያስተዋልኩት ነገር አለ፦ በመሪው ጠፍጣፋ ክፍል፣ ከመሐሉ አጠገብ፣ የተጠቀለለው ቴፕ ጠቁሮ ጫፉ መቀደድ ሲጀምር የፍሬን መያዣዎቹ ጎማ ግን በገዛሁበት ቀን እንደነበረው ያብረቀርቃል።

አሁን ይህን ሸጬ ሌላ ለመግዛት እያሰብኩ ነው። የሁለቱን ልኬት ከአምራቾቹ ሰንጠረዥ ላይ ገልብጫለሁ። የእኔ 56 ቁጥር፦ ስታክ 560 ሚሊሜትር፣ ሪች 393፣ የኮርቻ ቱቦ ማዕዘን 73 ዲግሪ፣ የመሪ ቱቦ ማዕዘን 73፣ የላይኛው ቱቦ አግድም ርዝመት 564። ዓይኔን የጣልኩበት 54 ቁጥር፦ ስታክ 580፣ ሪች 378፣ የኮርቻ ቱቦ ማዕዘን 74፣ የመሪ ቱቦ ማዕዘን 73፣ የላይኛው ቱቦ 544። በእኔ ብስክሌት ላይ ያለው ስቴም (መሪውን ከሹካው አንገት ጋር የሚያያይዘው ክንድ) 110 ሚሊሜትር ሆኖ 6 ዲግሪ ወደ ታች ያዘነበለ ነው። ከብሽሽት እስከ መሬት የእግሬ ቁመት 84 ሴንቲሜትር ነው።

ግራ የገባኝ፣ በቁጥር የሚያንሰው ፍሬም ከፊት በኩል እንዴት ሊበልጥ ቻለ? ከእነዚህስ ቁጥሮች የትኛውን ማየት አለብኝ? የላይኛው ቱቦ በ2 ሴንቲሜትር ማጠሩስ እጄን ያድነዋል?


ምላሽ፦ ቱንቢና ሜትር

ጤና ይስጥልኝ ዘገምተኛ ነጂ። ቁጥሮቹን በሙሉ ማስፈርዎ ሥራውን በግማሽ አቅልሎታል፤ ብዙ ጊዜ «ፍሬሜ 56 ነው፣ ያመኛል» ተብሎ ብቻ ስለሚጻፍ መላሹ በጨለማ ይዳብሳል።

በመጀመሪያ 56 እና 54 የሚሉትን ቁጥሮች ይርሷቸው። ይህ ቁጥር የላይኛው ቱቦ ከመሬት ጋር ትይዩ በነበረበት ዘመን የኮርቻው ቱቦ ስንት ሴንቲሜትር እንደሚረዝም ይናገር ነበር፤ የኮርቻው ቱቦ ሲረዝም የመሪውም ቱቦ አብሮ ከፍ ስለሚል አንዱን መለካት ሌላውን እንደ መለካት ይቆጠር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የላይኛው ቱቦ ወደ ኋላ የሚያዘቀዝቅባቸው ፍሬሞች በኮርስ ብስክሌት ላይ ሲስፋፉ ግን ያ ዝምድና ተቋረጠ። ዛሬ 56 ተብሎ የሚሸጥ ፍሬም የኮርቻ ቱቦው 50 ወይም 52 ሴንቲሜትር ሊሆን ይችላል፤ ቁጥሩ ልኬት መሆኑ ቀርቶ መጠሪያ ሆኗል። ስለዚህ የአንዱ አምራች 54 ከሌላው አምራች 56 ይልቅ ከፊት ከፍ ማለቱ ምንም የሚያስገርም ነገር የለውም።

እውነቱን የሚነግሩዎት ስታክና ሪች ናቸው። ሁለቱም የሚነሡት እርስዎ የኮርቻውን ከፍታ ከለኩበት ከዚያው የዘንግ ማዕከል ነው፤ ከዚህ በኋላ እምብርት እለዋለሁ። ከእምብርቱ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ እስከ መሪው ቱቦ፣ ማለትም የሹካው አንገት እስከሚያልፍበት የፍሬሙ ፊተኛ ቱቦ፣ አናት ያለው ከፍታ ስታክ ይባላል፤ ከእምብርቱ ወደ ፊት እስከዚያው አናት ያለው አግድም ርቀት ደግሞ ሪች ነው። ኮርቻውን ቢያነሡት፣ ቢገፉት ወይም ቢለውጡት እነዚህ ሁለቱ ንቅንቅ አይሉም። ለማወዳደር የሚመቹትም ለዚህ ነው።

የአምራቹ ሰንጠረዥ የሌለዎት ቢሆን እንኳ በቤት ውስጥ ሊለኳቸው ይችላሉ። ብስክሌቱን ደልዳላ ወለል ላይ አቁመው የኋላ ጎማውን ከግድግዳ ጋር ያስነኩት፤ አንድ ሰው ቀጥ አድርጎ ይያዝልዎ። ከወለሉ እስከ እምብርቱ ማዕከል ይለኩ፣ 27 ሴንቲሜትር መጣ እንበል። ከዚያ ከወለሉ እስከ መሪው ቱቦ አናት ይለኩ፣ እሱም 83 ሆነ እንበል። ልዩነቱ 56 ነው፣ ስታክዎ ማለት ነው። አሁን ደግሞ ከግድግዳው እስከ እምብርቱ፣ ከግድግዳውም እስከ መሪው ቱቦ አናት መሐል ያለውን አግድም ርቀት ይለኩ። ለሁለተኛው ከቱቦው አናት መሐል ቱንቢ ወደ ወለሉ ለቅቀው ነጥቡን በጠመኔ ምልክት ያድርጉበትና ከግድግዳው እስከ ምልክቱ ይለኩ፤ ሜትሩን በአየር ላይ ዘርግቶ በዓይን መገመት በቀላሉ የአንድ ሴንቲሜትር ስሕተት ያመጣል። የሁለቱ ልዩነት ሪች ነው።

አሁን ወደ ጥያቄዎ ልመለስ። የላይኛው ቱቦ በ20 ሚሊሜትር ያጥራል ብለዋል፤ ሰንጠረዡ ላይ እውነት ነው፣ በመንገድ ላይ ግን እውነት አይደለም። የላይኛው ቱቦ አግድም ርዝመት የሚለካው ከኮርቻው ቱቦ መስመር ጀምሮ ስለሆነ የኮርቻው ቱቦ ቀጥ ባለ ቁጥር፣ ማለትም ከ73 ወደ 74 ዲግሪ ሲያድግ፣ ከፊት ምንም ሳይለወጥ ቁጥሩ በ10 ሚሊሜትር ያህል ያጥራል። ስለዚህ ሪችን እንይ፤ 393 ሲቀነስ 378፣ 15 ሚሊሜትር ይሆናል። ይህም ገና አልጠራም፣ ምክንያቱም የሁለቱ ፍሬሞች አናት በአንድ ከፍታ ላይ አይደለም። የመሪው ቱቦ ወደ ኋላ ስለሚያዘነብል ከፍ ባልን ቁጥር ወደ ነጂው እንቀርባለን፤ በ73 ዲግሪ ማዕዘን እያንዳንዱ የ10 ሚሊሜትር ከፍታ ሪችን በ3 ሚሊሜትር ያህል ያሳጥራል። የእርስዎን ፍሬም ከስቴሙ ሥር በሚገቡ ማስነሻ ቀለበቶች 20 ሚሊሜትር ከፍ አድርገን ከአዲሱ እኩል ብናደርገው ሪቹ 387 ይሆናል። ከ378 ጋር ያለው እውነተኛ ልዩነት 9 ሚሊሜትር ብቻ ነው ማለት ነው።

ሁለት ፍሬሞችን ስታነጻጽሩ በመጀመሪያ ስታካቸውን በወረቀት ላይ እኩል አድርጉ፣ ከዚያ ሪቻቸውን ተመልከቱ። ይህን ቅደም ተከተል የማይከተል ሰው ስታኩ ዝቅ ያለውን ፍሬም ሁልጊዜ ከእውነተኛው ይልቅ ረጅም አድርጎ ያየዋል። እኔ ራሴ በዚህ ስሕተት አንድ ጥሩ ፍሬም ሸጬ ዛሬም ይቆጨኛል።

ስታክን ለሪች ማካፈልም ፈጣን ፍንጭ ይሰጣል። የእርስዎ 1.42 ያህል፣ አዲሱ 1.53 ያህል ነው። ለውድድር የተሠሩ ፍሬሞች ብዙውን ጊዜ በ1.4 አካባቢ ሲገኙ ለረጅም መንገድ ምቾት የታሰቡት 1.5ን ያልፋሉ። ይሁን እንጂ ይህ የፍሬሙን ጠባይ እንጂ የእርስዎን አካል አይናገርም።


ምላሽ፦ ተረከዝ

ቱንቢና ሜትር የጻፉት ሒሳብ ትክክል ነው፤ ነገር ግን የቤቱ መሠረት ተዛብቶ ሳለ ስለ ጣሪያው እየተነጋገርን ይመስለኛል። ጠያቂው ኮርቻውን ወደ ፊት ገፍተዋል፣ አፍንጫውን ወደ ታች አዘንብለዋል፣ ከፍታውንም አብዝተዋል። ሦስቱም የሰውነትን ክብደት ወደ እጅ የሚያስተላልፉ ናቸው። በዚህ አቀማመጥ የትኛውም ፍሬም ቢገዛ እጅ መደንዘዙ አይቀርም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ብስክሌት ላይ የምንቀመጠው ወንበር ላይ እንደምንቀመጠው አይደለም፤ በግማሽ የቆምን ያህል ሆነን እግራችን ፔዳሉን ስለሚገፋ የላይኛው አካላችን በዳሌያችን ላይ ሚዛኑን ይጠብቃል። ቆመው ሳለ ከመሬት ዕቃ ለማንሣት ሲፈልጉ ምን እንደሚያደርጉ ልብ ይበሉ፤ ጎንበስ ለማለት መቀመጫዎን ወደ ኋላ ይሰዳሉ። ብስክሌትም ላይ ወደ ፊት ለማጎንበስ ዳሌ ከእምብርቱ ወደ ኋላ መራቅ አለበት። መሪው ራቀኝ ብሎ ኮርቻውን ወደ ፊት የሚገፋ ሰው ያንን ሚዛን ያፈርስና የትከሻውን ክብደት በሙሉ በመዳፉ ይሸከማል፤ ከድጡ ወደ ማጡ የሚባለው ይህ ነው። ኮርቻ የሚስተካከለው ለእግርና ለዳሌ ነው፣ ለመሪ ርቀት አይደለም። መሪው ከራቀ መሪውን ያቅርቡ።

በከፍታው ልጀምር። የቱር ደ ፍራንስን ሦስት ጊዜ ያሸነፈው ግሬግ ለሞንድ ያስተዋወቀው ቀመር የእግርን ቁመት በ0.883 ማባዛት ነው። 84 በ0.883 ሲባዛ 74.2 ሴንቲሜትር ገደማ ይሆናል፤ የእርስዎ 76 ነው። 18 ሚሊሜትር ትርፍ ትንሽ አይደለም። ቀመሩ መነሻ እንጂ ሕግ ስላልሆነ በተረከዝ ያረጋግጡት፦ ፔዳሉን ታች አድርሰው ተረከዝዎን ሲያሳርፉበት ዳሌዎ ወደ ጎን ሳይወርድ ጉልበትዎ ቀጥ ማለት አለበት። እንደ ወትሮው በእግርዎ ፊተኛ ክፍል ሲረግጡ ጉልበቱ ከታች ከ25 እስከ 35 ዲግሪ ያህል ታጥፎ ይቀራል። እርስዎ «እግሬ ሙሉ በሙሉ እንዲዘረጋ» ያሉት ፔዳሉን በጣት ጫፍ እንዲፈልጉትና ዳሌዎ ግራና ቀኝ እንዲወዛወዝ ያደርጋል። አፍንጫው የተጫነዎትም ከዚሁ የተነሣ ይመስለኛል፤ ሰውነት ከፍ ካለ ኮርቻ ላይ ወደ ጠባቡ ክፍል መንሸራተት ይወዳልና።

ከዚያ ኮርቻውን በውኃ ልክ ያስተካክሉት። ኮርቻው ላይ ቀጭን ጣውላ ወይም ደረቅ መጽሐፍ አጋድመው ውኃ ልኩን በላዩ ያኑሩ፤ አረፋዋ መሐል ትሁን። በመቀጠል ወደ ኋላ ይግፉት። ለመነሻ የሚሆን የቆየ ዘዴ አለ፦ የፔዳሉ ክንድ ወደ ፊት አግድም ሲሆን ከጉልበት ሎሚ በታች ካለችው የአጥንት ጉብታ ቱንቢ ቢለቀቅ ክሩ በፔዳሉ ዘንግ ላይ ያርፋል ይባላል። ጥልቅ ምክንያት የለውም፣ ብዙዎችም ይነቅፉታል፤ እኔ ግን ከየት ልጀምር ለሚል ሰው ከምንም ይሻላል እላለሁ። ትክክለኛው ፈተና የሚከተለው ነው፦ ብስክሌቱ በቋሚ ማስልጠኛ ላይ ታስሮ ወይም ማንም በሌለበት ደልዳላ ሜዳ ላይ፣ መካከለኛ ጉልበት እያወጡ ሳለ እጅዎን ከመሪው በአንድ ጣት ውፍረት ብቻ ያንሡ። ወደ ፊት ከተደፉ ኮርቻው ገና ወደ ኋላ መሄድ አለበት። ሆድዎንና ወገብዎን በመጠኑ እየሠሩ መቆየት ከቻሉ ደርሰዋል።

ስለ ጣቶቹ አንድ ነገር ልጨምር። ትንሿና የቀለበት ጣት የሚደነዝዙት በመዳፍ የውጭ ጠርዝ ሥር የሚያልፈው ነርቭ ሲጨፈለቅ ነው። አውራ ጣት፣ ሌባ ጣትና የመሐል ጣት ቢሆኑ ኖሮ ሌላ ነርቭ ነው፤ እሱ በአብዛኛው የእጅ አንጓ ወደ ላይ ሲታጠፍ የሚጎዳ ነው። ከብስክሌት ከወረዱ በኋላ መደንዘዙ ለቀናት የሚቆይ ከሆነ ግን ጉዳዩ የእኛ ሳይሆን የሐኪም ነው።

የተቀደደው ቴፕ ሁሉንም ነገር ይናገራል። ሰውነትዎ የፍሬን መያዣው ላይ መድረስ ስላልፈለገ ከመሪው መሐል ቅርብ ቦታ መርጧል። ለፍሬንም የራቁ ነዎት ማለት ስለሆነ ይህ ከምቾት ያለፈ ጉዳይ ነው።


ምላሽ፦ ዘገምተኛ ነጂ

ሁለታችሁንም በጣም አመሰግናለሁ። የተባልኩትን ሳልጨምርና ሳልቀንስ አድርጌያለሁ። ኮርቻውን ወደ 74.2 ዝቅ አደረግሁት፣ በውኃ ልክ አስተካከልኩት፣ ከዚያም እጅ የማንሣቱን ፈተና እየደጋገምኩ በጠቅላላው 14 ሚሊሜትር ወደ ኋላ ወሰድኩት። መጀመሪያ ስሞክረው እንደ ጆንያ ነበር የተደፋሁት፤ በመጨረሻ ግን አምስት ስድስት ጊዜ ፔዳል እስኪዞር መቆየት ቻልኩ።

ትናንት አንድ ሰዓት ተኩል ነዳሁ። የእጄ መደንዘዝ የጀመረው አንድ ሰዓት ካለፈ በኋላ ሲሆን እሱም ቀላል ነበር፤ የኮርቻው አፍንጫ ጉዳይ ጨርሶ ጠፍቷል። ማጅራቴ ግን እንደነበረው ነው፣ የፍሬን መያዣውም አሁን ከቀድሞ ይልቅ ርቋል፣ ይህም የሚጠበቅ ነው መሰለኝ። ታዲያ አሁን 54ቱን መግዛት ያዋጣኛል?


ምላሽ፦ የኋላ ንፋስ

በዚህ መሐል ልግባና አንድ ነገር ላንሣ፤ በተራው ብስክሌት ላይ ለምን አልታመምኩም የሚለው ጥያቄ ሳይመለስ አልፏልና።

ፔዳልን፣ ኮርቻንና መሪን ሦስት ማዕዘን አድርገው ይሳሉ። ይህን ሦስት ማዕዘን በእምብርቱ ዙሪያ ወደ ኋላ ብናሽከረክረው ኮርቻው ወደ ኋላ ይሄዳል፣ መሪው ከፍ ብሎ ወደ ነጂው ይቀርባል፣ በጭንና በደረት መካከል ያለው ማዕዘን ግን ሳይለወጥ ይቆያል። ነጂው ቀና ብሎ የሚቀመጥባቸው የከተማ ብስክሌቶች የኮርቻ ቱቦ ከ70 ዲግሪ በታች የሚሆነው ለዚህ ነው። ወደ ፊት ብናሽከረክረው ደግሞ ብቻን ከሰዓት ጋር የሚወዳደሩበት ብስክሌት ይሆናል፤ እዚያ የኮርቻ ቱቦው ማዕዘን 76 እና ከዚያ በላይ ይደርሳል፣ ነጂውም በክርኑ ይደገፋል። በመካከል ያለው 73 ዲግሪ ለምቾትም ለፍጥነትም የተደረገ ስምምነት ነው። ችግር የሚመጣው አንዱን ማዕዘን ብቻ ለይተን ስንጎትት ነው፦ ኮርቻው ወደ ፊት ሄዶ መሪው ዝቅ ብሎ ሲቀር ወይም ኮርቻው ወደ ኋላ ሄዶ መሪው ሩቅ ሆኖ ሲቀር። የድሮው ብስክሌትዎ ሦስቱንም አንድ ላይ ወደ ኋላ ያዞረ ስለነበር ተስማማዎት።

ከዚህ ተነሥቶ ቀና ማለት ሁልጊዜ ይመቻል የሚል መደምደሚያ ላይ ግን አይድረሱ። ፍጹም ቀና ብሎ የሚቀመጥ ሰው ክብደቱን በሙሉ በመቀመጫ አጥንቶቹ ላይ ያሳርፋል፣ የመንገዱም ንዝረት በአከርካሪው ቀጥታ ይወጣል። ለግማሽ ሰዓት መንገድ ግድ የለም፤ ለሦስት ሰዓት ግን ወገብ ይጮኻል። ክርን በመጠኑ ታጥፎ፣ ትከሻ ወርዶ፣ ክብደቱ ለኮርቻ፣ ለእግርና ለእጅ ሲከፋፈል ነው ረጅም መንገድ የሚቻለው።

ስለ 54ቱም አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። የኮርቻ ቱቦው 74 ዲግሪ ነው ብለዋል። በ74 ሴንቲሜትር የኮርቻ ከፍታ አንድ ዲግሪ ኮርቻውን በ12 ሚሊሜትር ያህል ወደ ፊት ያመጣዋል። እርስዎ አሁን በብዙ ድካም ያገኙትን ቦታ እዚያ ላይ ለማግኘት ኮርቻውን በሐዲዱ ላይ ሌላ 12 ሚሊሜትር ወደ ኋላ መውሰድ ይኖርብዎታል፤ ሐዲዱ ካልበቃ ወደ ኋላ የሚያጋድል የኮርቻ ምሰሶ ያስፈልጋል። «ለምቾት የተሠራ» የሚለው የሻጭ ቃል ስለ ስታኩ እንጂ ስለዚህ አይናገርም።

የጎማ ነገርም አለ፣ በአጭሩ፦ ንዝረቱ ራሱ ካስቸገረዎት ከፍሬም ቅርጽ ይልቅ ጎማን ማስፋትና አየሩን መቀነስ ይበልጥ ይረዳል። ፍሬሙና ሹካው የሚያስተናግዱትን ስፋት ይመልከቱ፤ 25 ሚሊሜትር ላይ ከሆኑና ለ30 ቦታ ካለ ልዩነቱን በመጀመሪያው ሻካራ መንገድ ላይ ያውቁታል።


ምላሽ፦ ቱንቢና ሜትር

ተረከዝ ያሉት ትክክል ነው፤ ኮርቻውን አስቀድሜ መጠየቅ ነበረብኝ። ቁጥር ሲሰጠኝ ቁጥሩን ይዤ እሮጣለሁ።

አሁን ኮርቻው ቦታውን ስለያዘ ስለ ግዢው እንነጋገር። 54ቱን ገዝተው ያንኑ ስቴም ቢያስሩበት እጅዎ አሁን ካለበት 20 ሚሊሜትር ከፍ፣ 15 ሚሊሜትር ደግሞ ወደ እርስዎ ቀረብ ይላል። ይህን ልብ ይበሉና የአሁኑን ስቴም እንመርምር። የመሪው ቱቦ 73 ዲግሪ ስለሆነ ምንም ዝንባሌ የሌለው ስቴም ከአግድም 17 ዲግሪ ወደ ላይ ያያል። የእርስዎ 6 ዲግሪ ወደ ታች ያዘነበለው 11 ዲግሪ ብቻ ይቀረዋል፤ ያው ስቴም ተገልብጦ ቢታሰር 23 ዲግሪ ይሆናል። ለ110 ሚሊሜትር ስቴም ይህ ግልበጣ መሪውን 22 ሚሊሜትር ከፍ፣ 7 ሚሊሜትር ቀረብ ያደርገዋል። አንድም ነገር ሳይገዙ ማለት ነው።

ይህ ካልበቃ 100 ሚሊሜትር የሆነ ስቴም ገዝተው በዚያው ወደ ላይ በሚያይ አቅጣጫ ቢያስሩት አሁን ካለዎት 18 ሚሊሜትር ከፍ፣ 16 ሚሊሜትር ቀረብ ይላል። ከ54ቱ ፍሬም ጋር ያስተያዩት፦ 20 እና 15 ነበር። እጅዎ አዲሱ ብስክሌት ከሚያደርስዎት ቦታ በ2 ሚሊሜትር ውስጥ ሊደርስ ከቻለ ሙሉ ብስክሌት የሚለወጥበት ምክንያት አይታየኝም። 100 ሚሊሜትር ለኮርስ ብስክሌት የተለመደ ርዝመት ስለሆነ የመሪው አያያዝ ይበላሻል የሚል ስጋት አይግባዎ። ሒሳቡ 60 ሚሊሜትር ስቴምና የቀለበት ክምር ጠይቆ ቢሆን ኖሮ ግን ፍሬሙ ለእርስዎ አይደለም እል ነበር።

የኋላ ንፋስ ካሉት በአንዱ ነጥብ አልስማማም። የ74 ዲግሪው ጉዳይ እውነት ቢሆንም ብዙ ኮርቻዎች ለ12 ሚሊሜትር የሚበቃ ሐዲድ አላቸው፤ እንቅፋት ሳይሆን መታወቅ ያለበት ነገር ነው።


ምላሽ፦ ዘገምተኛ ነጂ

ስለዚህ በነፃው ልጀምር፤ ስቴሙን ልገለብጥ ነው። ከዚህ በፊት ፈትቼው ስለማላውቅ ቅደም ተከተሉን ብትነግሩኝ። በስቴሙ ሥር አንድ የ10 ሚሊሜትር ቀለበት አለ፤ ገመዶቹ ከፍሬሙ ውጪ ነው የሚያልፉት።


ምላሽ፦ ተረከዝ

ገመዶቹ ውጪ መሆናቸው ሥራውን ያቀልልዎታል፤ በመሪው ውስጥ የሚያልፉ ቢሆኑ ኖሮ ለባለሙያ ይተዉት እል ነበር። ከመፍታትዎ በፊት መሪውን በስልክዎ ከጎን ፎቶ አንሡት፣ የፍሬን መያዣዎቹ ያሉበትን አንግል ለመመለስ ይጠቅምዎታል።

መሪውን የሚያቅፈውን የፊት ክዳን አራት ብሎኖች ፈትተው መሪውን ገመዶቹን ሳይጎትቱ ወደ ታች ያንጠልጥሉት። ቀጥሎ በስቴሙ አናት ያለውን የክዳን ብሎን ያውጡ፣ ከዚያ በጎን ያሉትን ሁለት ብሎኖች አላልተው ስቴሙን ወደ ላይ ይሳቡት፤ በዚህ ጊዜ ሹካው እንዳይወርድ የፊት ጎማው መሬት ላይ ይሁን። ስቴሙን ገልብጠው ይመልሱ፣ ቀለበቱን ካለበት አያንቀሳቅሱት። የአናቱን ብሎን የሚያጠብቁት ጨዋታው እስኪጠፋ ብቻ ነው፣ ጉልበት አይፈልግም፤ የጎን ብሎኖቹ የሚጠብቁትም ከእሱ በኋላ እንጂ በፊት አይደለም። የመሪው ክዳን ብሎኖች በመስቀል ቅርጽ እየተፈራረቁ ይጥበቁ፣ ከላይና ከታች ያለው ክፍተትም እኩል ይሁን። ስቴሙ ላይ በኒውተን ሜትር የተጻፈ ቁጥር አለ፣ በአብዛኛው 5 አካባቢ ነው፤ በልክ የሚያጠብቅ ቁልፍ ከሌለዎት ተውሰው ይጠቀሙ፣ በተለይ መሪው ወይም የሹካው አንገት ካርቦን ከሆነ።

ከጨረሱ በኋላ የፊት ፍሬኑን ይዘው ብስክሌቱን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይወዝውዙት። ኳ የሚል ነገር በእጅዎ ከተሰማ የጎን ብሎኖቹን አላልተው የአናቱን ብሎን ሩብ ዙር ያህል ይጨምሩበት። የፊት ጎማውን አንሥተው ሲለቁት መሪው በራሱ ወደ ጎን ካልወደቀ ደግሞ አጥብቀውታልና ይቀንሱ። በመጨረሻም መሪውን ወደ ግራና ወደ ቀኝ እስከ ጥግ አዙረው ገመዶቹ ሳይወጠሩ እንደሚዞሩ ይመልከቱ፤ መሪው በ2 ሴንቲሜትር ከፍ ስላለ የሚያጥር ገመድ ካለ የሚታወቀው እዚህ ላይ ነው።